የተለካውና የተባለው

ስለ አንድ አዲስ ጥናት ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነጭ ወረቀት መሐል ለመሐል በመስመር የመክፈል ልማድ አለኝ። በመስመሩ ግራ አጥኚዎቹ በእርግጥ የለኩትን፣ የቆጠሩትን ወይም በዓይናቸው አይተው ያነበቡትን እጽፋለሁ፤ በቀኙ ደግሞ ከዚያ ተነሥተው የደረሱበትን መደምደሚያ፣ ወይም ወሬውን ያሰራጨው ሰው ደረሱበት ያለውን አሰፍራለሁ። የታሪክ፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የሃይማኖትና የፖለቲካ ጥናት ከመለኪያ ጋር እምብዛም የሚገናኝ ላይመስል ይችላል። እኔ ግን በግራውና በቀኙ መካከል ያለው ርቀት በእነዚህ አራት ዘርፎች የሚሰፋውን ያህል በሌላ ሲሰፋ አላየሁም፤ አንባቢ እምነቱን፣ ማንነቱን ወይም የሚደግፈውን ሥልጣን የሚነካ ነገር ሲያጋጥመው ገና ማንበብ ሳይጀምር የሚመኘውን መልስ በልቡ ይዞ ይቀርባልና።

ልማዱን ያስተማረኝ ኀፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ የጥንታዊ ክርስትና ታሪክ ምሁር ካረን ኪንግ ሮም ላይ በተካሄደ የኮፕት ጥናት ጉባኤ አንዲት ቁራጭ ፓፒረስ ይፋ አደረጉ። ቁራጯ ከአድራሻ ካርድ የማትበልጥ ስትሆን፣ በኮፕት ቋንቋ ከተጻፉባት የተቆራረጡ መስመሮች አንዱ «ኢየሱስም አላቸው፦ ሚስቴ» ይልና እዚያው ላይ ይቋረጣል። እኔም ዜናውን እንዳነበብኩ ለወዳጆቼ «ተረጋገጠ» ብዬ አወራሁ። ምሁሯ ግን እንዲህ አላሉም ነበር። ቁራጯ ኢየሱስ ሚስት እንደነበረው ማስረጃ እንደማትሆን፣ ይልቁንም በኋላ ዘመን የነበሩ ክርስቲያኖች ስለ ጋብቻ ይከራከሩ እንደነበር ልታሳይ እንደምትችል በግልጽ ተናግረው ነበር። ያን ዓረፍተ ነገር ዘልዬው ሄጄ ነበር ማለት ነው።

በ2014 የላቦራቶሪ ውጤቶች ሲታተሙ የካርበን 14 ምርመራው (ከሕያው ነገር የተሠራ ዕቃ ዕድሜ የሚለካበት ዘዴ) ፓፒረሱ ከ7ኛው እስከ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ መሆኑን አመለከተ፤ ቀለሙም ከጥላሸት የተበጠበጠ፣ ከጥንታዊ አሠራር ጋር የማይጋጭ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች ይህን «እውነተኛነቷ በሳይንስ ተመሰከረ» ብለው ተረጎሙት። የተለካው ግን የዕቃው ዕድሜ እንጂ የጽሑፉ ዕድሜ አልነበረም። ያልተጻፈበት አሮጌ ፓፒረስ ቁራጭ ዛሬም ይገኛል፤ የጥላሸት ቀለምም ማንም ሊበጠብጠው ይችላል። ነገሩን የፈቱት ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የቁራጯ ቃላት በ1945 ግብፅ ውስጥ ናግ ሐማዲ ላይ ከተገኘው የቶማስ ወንጌል የኮፕት ቅጂ እየተለቀሙ የተሰፉ መሆናቸውን አሳዩ፤ ከዚያም አልፎ በ2002 በኢንተርኔት ላይ በተለቀቀ የዚያ ወንጌል ቅጂ ውስጥ በስሕተት የወደቀች አንዲት ፊደል በቁራጯም ላይ ወድቃ ተገኘች። ከቁራጯ ጋር አብራ የቀረበች ሌላ የዮሐንስ ወንጌል ቁራጭም ነበረች፤ ክርስቲያን አስክላንድ የተባለው አጥኚ እርሷን ሲመረምር መስመሮቿ የሚሰበሩት በ1924 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ የሚሰበሩበት ቦታ ላይ መሆኑን ደረሰበት። የተጻፈችበት ዘዬም ፓፒረሱ ከበቀለበት ዘመን አስቀድሞ መጻፊያነቱ የቀረ ነበር። በ2016 አንድ ጋዜጠኛ የቁራጯን ባለቤት ታሪክ ተከታትሎ ሲያወጣ ኪንግም ማስረጃው ወደ ሐሰተኛነት እንደሚያዘነብል ተቀበሉ።

እዚህ ላይ ለምሁሯ ፍትሕ መስጠት ይገባል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቁራጯን ግልጽ ፎቶግራፍና የንባባቸውን ረቂቅ ለሁሉም ክፍት ማድረጋቸው ነው ሌሎቹን እንዲሳሳቱ ሳይሆን እንዲያርሟቸው ያስቻለው። ስሕተት የማይሠራ አጥኚ አላውቅም፤ ስሕተቱ የሚገኝበትን መንገድ ከፍቶ የሚሄድን ግን እንደ ሁለተኛ ደረጃ ሰው መቁጠር ነውር ነው።

ቋንቋን መለኪያ አድርጎ ሐሰተኛ ሰነድ የመያዝ ጥበብ የኢንተርኔት ዘመን ፈጠራ አይደለም። በ1440 ሎሬንዞ ቫላ የተባለ የላቲን ሊቅ «የቆስጠንጢኖስ ስጦታ» በመባል የሚታወቀውን ሰነድ አንሥቶ መረመረ። ሰነዱ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮምንና የምዕራቡን ግዛት ለጳጳስ ሲልቬስተርና ለተከታዮቹ ማስረከቡን ይናገራል፤ ጳጳሳትም በነገሥታት ላይ ላላቸው የበላይነት ለዘመናት ሲጠቅሱት ኖረዋል። ቫላ የነገሥታትን ዜና መዋዕል ብቻ አላገላበጠም፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ያዘ። በቆስጠንጢኖስ ዘመን የሮም ባለሥልጣን በዚያ ስም የማይጠራበትን «ሳትራፕ» የሚል የፋርስ ማዕረግ በሰነዱ ውስጥ አገኘ። ገና ያልተቆረቆረችው ቁስጥንጥንያም ከመንበረ ፓትርያርኮች አንዷ ሆና ተቆጥራ ነበር። ላቲኑ ራሱ የዚያ ዘመን ላቲን አልነበረም። ዛሬ ሰነዱ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደተፈበረከ በሰፊው የታመነ ነው።

ቫላን ደጋግሜ የማነሣው አራቱ ዘርፎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ በእርሱ ሥራ ውስጥ ስለሚታዩኝ ነው። ጥያቄው የታሪክ ነበር፤ መሣሪያው የሥነ ጽሑፍ ነበር፤ የሚነካው ቤተ ክርስቲያንን ነበር፤ ያስነሣው ደግሞ ፖለቲካ ነበር። ቫላ በዚያን ጊዜ የአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ አገልጋይ ሲሆን፣ ንጉሡ ደግሞ በኔፕልስ ዙፋን የተነሣ ከጳጳስ ኤውጌኒዮስ 4ኛ ጋር ጠብ ላይ ነበር። ስለዚህ ሊቁ ያለ ጥቅም አልጻፈም። ይህን ያወቀ አንባቢ «እንግዲያው ሥራው የፖለቲካ ስድብ ነው» ብሎ ቢያልፈው ትልቅ ነገር ያመልጠዋል፤ ጥቅም ጥያቄውን ሊያስነሣ ይችላል፣ «ሳትራፕ» የሚለውን ቃል በሰነዱ ውስጥ ያስቀመጠው ግን አልፎንሶ አይደለም። ዛሬም አንድ ጥናት ሲወጣ ገንዘቡን ማን ሰጠ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ጥያቄው የወረቀቴን ቀኝ ጎን በጥንቃቄ እንዳነብ ያስገድደኛል እንጂ ግራውን አይሰርዘውም። የነገሩ አስቂኝ ክፍል ደግሞ ቫላ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በጳጳስ ኒቆላዎስ 5ኛ ዘመን፣ በራሱ በጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ መሥራቱ ነው። ድርሰቱ በሕትመት የተስፋፋው ግን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነበር፤ ማርቲን ሉተርም በ1520 አንብቦት እጅግ ተቆጥቷል።

በ2015 ደግሞ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በስብስቡ ውስጥ የሚገኙ ሁለት የቁርኣን ቅጠሎች ብራና በካርበን 14 ተመርምሮ ከ568 እስከ 645 ባለው ጊዜ ውስጥ መውደቁን፣ ይህም 95.4 በመቶ እርግጠኝነት እንዳለው አስታወቀ። ነቢዩ ሙሐመድ ያረፉት በ632 ነውና ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ቀኑ የሚናገረው ግን ብራና የሆነው እንስሳ የሞተበትን ጊዜ ነው፤ ቆዳው ተፍቆና ተወጥሮ ምን ያህል ጊዜ ሳይጻፍበት እንደቆየ ካርበኑ አይነግረንም። የጽሕፈቱን ቅርጽና የፊደሉን አጣጣል የሚያጠኑ አንዳንድ ሊቃውንት ጽሑፉን ጥቂት አሥርት ዓመታት ወደ እኛ ያቀርቡታል። የጥንታዊ ቅጂዎችን ነገር ለሚያውቅ ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ ነው፤ በሃይማኖታዊ ክርክር ውስጥ ግን ዓመታት እንደ ዘመናት ይከብዳሉ። እኔን የበለጠ የማረከኝ ከካርበኑ በፊት የሆነው ነው፦ ቅጠሎቹ ከሌላ ቅጂ ጋር በስሕተት ተጠርዘው ለአሥርት ዓመታት በመደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ አልባ ፌዴሊ የተባሉ አጥኚ ለዶክትሬት ሥራቸው ሲመረምሩ የጽሕፈቱን ልዩነት አስተውለው ለዩዋቸው፤ ፓሪስ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ካሉ 16 ቅጠሎች ጋርም አንድ መጽሐፍ እንደነበሩ አሳዩ። ይህ በዜናው ውስጥ በአንድ ሐረግ ታለፈ። ለእኔ ግን ግኝቱ እርሱ ነው።

መቁጠር ብቻውን ነገርን የሚቆርጥበት ጊዜም አለ። በ1787 እና በ1788 አዲሱን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለመደገፍ በአንድ የብዕር ስም የታተሙ 85 መጣጥፎች አሉ፤ ጸሐፊዎቹ አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄ ነበሩ። ከእነዚህ 12ቱን ሃሚልተን ይጻፋቸው ማዲሰን ሳይታወቅ ከ150 ዓመት በላይ ቆየ፤ ሁለቱም በተለያየ ጊዜ የእኔ ናቸው የሚል ዝርዝር ትተው ነበርና። የታሪክ ሰዎች በሐሳቡ ሊለዩት ሞከሩ፤ ይህ ግን ሁለቱ ሰዎች ለአንድ ዓላማ በአንድ ድምፅ ለመጻፍ የተስማሙበት ሥራ ስለነበር አላዋጣም። ፍሬድሪክ ሞስቴለርና ዴቪድ ዋላስ የተባሉ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት በ1964 ባወጡት ጥናት ትልልቆቹን ሐሳቦች ትተው ጸሐፊ ሳያስበው ከእጁ የሚወጡትን ጥቃቅን መስተዋድዶችና አያያዥ ቃላት ቆጠሩ። ሃሚልተን «አፖን» የሚለውን መስተዋድድ ደጋግሞ ሲጠቀም ማዲሰን እምብዛም አይነካውም፤ «በዚህ ጊዜ» ለማለት አንዱ «ኋይል» ሲል ሌላው «ኋይልስት» ይላል። 12ቱም ወደ ማዲሰን አዘነበሉ። እዚህ ግራና ቀኝ ተቀራርበው ስላየኋቸው ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት እምብዛም አልነበረም።

ከዚህ ዓይነቱ ቆጠራ የተወለዱት የዛሬዎቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። በጁን 2025 በኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ምላደን ፖፖቪችና ባልደረቦቻቸው በሙት ባሕር ጥቅልሎች ላይ አንድ ጥናት አሳተሙ። የካርበን ቀን ያላቸውን 24 ቅጂዎች የእጅ ጽሑፍ ቅርጽ ለፕሮግራሙ አስተማሩት፤ ከዚያም ቀናቸው ያልታወቀ 135 ቅጂዎችን እንዲገምት ሰጡት። ብዙዎቹ ጥቅልሎች እስካሁን ከሚታሰበው ቀደም ያሉ ሆነው ወጡ፤ የትንቢተ ዳንኤል አንድ ቁራጭም መጽሐፉ ተጽፎ ተጠናቀቀ ከሚባልበት ዘመን ጋር ሊገጥም ተቃረበ። የፕሮግራሙን ስም «ሄኖክ» ብለውታል። ስሙን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ በሙሉ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነውና። የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን መጽሐፍ ያዩት ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎችን ይዞ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ በተጨባጭ የታየው ደግሞ የሙት ባሕር ጥቅልሎች በወጡበት በቁምራን ዋሻ የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች በ1976 ሲታተሙ ነበር። ለዘመናት አንድ ማኅበረሰብ ብቻ ሲያነበው የኖረ መጽሐፍ የሌሎቹን ሁሉ ታሪክ እንዴት እንደሚያስተካክል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማምጣት ይከብደኛል።

ወደ ፕሮግራሙ ስመለስ፣ በወረቀቴ ግራ መጀመሪያ የጻፍኩት 24 የሚለውን ቁጥር ነው። ጥቂት ነው፤ ይሁንና ቅጂዎቹን ለካርበን ምርመራ ቆርሶ መስጠት ማጥፋት ስለሆነ ጥቂት መሆኑ ይገባኛል። ሁለተኛው ቁጥር 79 በመቶ ነው፤ ከፕሮግራሙ ግምቶች ይህን ያህሉን የእጅ ጽሑፍ ሊቃውንት ሲያዩአቸው «ሊሆን የሚችል ነው» ብለዋል። እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ፕሮግራሙ የሚያርመው የሊቃውንቱን የቆየ የዘመን አቆጣጠር ከሆነ፣ ልክነቱ በእነርሱው ዓይን ሲመዘን ተከሳሹን ዳኛ ማድረግ አይሆንም ወይ? አጥኚዎቹ ችግሩን ያውቁታል፤ ከእጅ ቅርጽ ውጭ የካርበን ቀኖችን መነሻ ያደረጉትም ስለዚህ ነው። መፍትሔው የሚመስለኝ ተጨማሪ ካርበን እንጂ ተጨማሪ አድናቆት አይደለም።

ብዙ ጊዜ «አዲስ» የምንለው ሰነድ አዲስ አይደለም። በ1229 አንድ ጸሐፊ የጸሎት መጽሐፍ ለመጻፍ ብራና ቢቸግረው አሮጌ መጻሕፍትን ፈትቶ፣ ቀለሙን ፍቆ፣ በላዩ ጸሎቱን ጻፈ። ከሥሩ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገለበጡ የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የአርኪሜዴስ ድርሳናት ነበሩ። ዴንማርካዊው ሊቅ ሃይበርግ በ1906 ቁስጥንጥንያ ውስጥ በዓይኑና በማጉያ መስታወት ያነበበውን ያህል አነበበ፤ ከ1999 እስከ 2008 ባልቲሞር ውስጥ በልዩ ልዩ የብርሃን ዓይነትና በራጅ ጨረር ሲታይ ደግሞ ከአርኪሜዴስ ሌላ የአቴናዊው የፖለቲካ ተናጋሪ የሂፔሪዴስ ንግግሮችም ከሥሩ ወጡ። እንግዲህ በአንድ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ሒሳብና የአቴና ሸንጎ ተደብቀው ኖረዋል። ነገሩ ከቅኔው ሰምና ወርቅ ጋር ይመሳሰላል እንዳልል ያገደኝ አንድ ልዩነት አለ፦ ባለቅኔው ወርቁን የሚሸሽገው እንዲፈለግ ነው፤ ይህ ጸሐፊ ግን ያጠፋው መስሎት ነበር።

የካይሮው ጌኒዛም እንዲሁ ነው። የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበትን ወረቀት መጣል ክልክል በመሆኑ የቤን ዕዝራ ምኩራብ አባላት ያረጁ ጽሑፎቻቸውን በአንድ ክፍል ውስጥ ይከቱ ነበር፤ ስሙ ያለበትንና የሌለበትን መለየት አድካሚ ስለሆነ የንግድ ደብዳቤውም፣ የጋብቻ ውሉም፣ የዕዳ ዝርዝሩም፣ የልጆች የፊደል ልምምድም አብሮ ገባ። ሰሎሞን ሼክተር በ1896 እና በ1897 ወደ ካምብሪጅ ያመጡት ብቻ ከ190,000 በላይ ቁርጥራጭ ነው። ሼክተር በዋናነት ይፈልጉ የነበረው የሃይማኖት መጻሕፍትን ነው፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት፣ በተለይም ጎይታይን፣ ሌላው «ቆሻሻ» ብሎ የተወውን ደብዳቤና ሒሳብ አንሥተው የሜዲትራኒያንን የመካከለኛ ዘመን ኑሮ ከእርሱ አወጡ። ሃይማኖት ያስቀመጠውን ታሪክ ወረሰው። የዘርፎች አጥር ምን ያህል ቆይቶ የተተከለ እንደሆነ የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ሲሞላ ማንም ለመደርደሪያዎች ስም አልሰጣቸውም።

በመጨረሻም አሁን በየወሩ የምከታተለው ጉዳይ አለ። በ79 የቬሱቪየስ ተራራ ሲፈነዳ ጣሊያን ውስጥ ሄርኩላኔየም በተባለች ከተማ የአንድ ባለጸጋ ቤት ከነመጻሕፍቱ ተቀበረ፤ ፓፒረሶቹ ከሰል ሆነው ቀሩ፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲወጡም ሊገልጧቸው የሞከሩ ብዙዎቹን ሰባበሩ። ብሬንት ሲልስ የተባሉ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ጥቅልልን ሳይነኩ በራጅ ቀርጾ በኮምፒውተር የመዘርጋትን ዘዴ ለዓመታት ሲያበጁ ኖሩ፤ በዚሁ ዘዴ ዐይን ጌዲ ላይ የተገኘ የተቃጠለ ጥቅልል የኦሪት ዘሌዋውያን መጀመሪያ መሆኑ ታውቆ ነበር። የሄርኩላኔየሙ ቀለም ግን ከሰል ላይ ያለ ከሰል በመሆኑ አልታይ አለ። በ2023 የምስሎቹ መረጃ ለሁሉም ተከፍቶ ውድድር ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር የ21 ዓመቱ ተማሪ ሉክ ፋሪተር የመጀመሪያውን ሙሉ ቃል አወጣ፤ ቃሉም «ሐምራዊ» የሚል ግሪክኛ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 ዩሱፍ ናደር፣ ፋሪተርና ዩሊያን ሺሊገር ከ2,000 በላይ ፊደላት አንብበው 700,000 ዶላር ተሸለሙ። የተነበበው የጥቅልሉ 5 በመቶ ያህል ነው፤ ስለ ደስታ የሚናገር የፍልስፍና ጽሑፍ ሲሆን፣ ጥቂት የሚገኝ ነገር ብዙ ከሚገኘው ይልቅ ያስደስታልን ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ሥራ እንዳምነው ያደረገኝ ኮምፒውተሩ ራሱ ግሪክኛ አለማወቁ ነው። የሚፈልገው የቀለምን ምልክት እንጂ ቃልን አልነበረም፤ ስለዚህ ደስ ያሰኘናል ብሎ ቃል ሊፈጥር የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነበር። ንባቡን የሠሩት የፓፒረስ ሊቃውንት ናቸው።

በሜይ 2025 ኦክስፎርድ ውስጥ የሚገኝ ሌላ የሄርኩላኔየም ጥቅልል ርዕሱ ከጸሐፊው፣ ከግሪኩ ፈላስፋ ስም ጋር ተነበበ። በጥንቱ ልማድ ርዕስ የሚጻፈው በጥቅልሉ መጨረሻ ነውና፣ እሳቱ ከሁሉ ያነሰ ከደረሰበት ከውስጠኛው ክፍል ተገኘ። በወረቀቴ ግራ «ፊሎዴሞስ፣ ስለ ክፉ ምግባራት» ብዬ ጽፌዋለሁ። የቀኙ ጎን እስካሁን ባዶ ነው።